ከነፋስ መርከብ እስከ ትሬንታ ኳትሮ
የምናብ መጓጓዣዎች ምድራዊ ምንጭ

ዋጃ ከአላማጣ በስተደቡብ፣ ከቆቦ በስተሰሜን፣ በራያ ቆላ ሜዳ ላይ የተመሠረተች የመንገድ ዳር ከተማ ናት። በስተምዕራቧ ደጋው እንደ ግንብ ቆሟል፤ በስተምሥራቋ ምድሩ ወደ አፋር አገር ይዘልቃል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ፣ በወልድያና በቆቦ አልፎ ወደ መቀሌ የሚያመራው ዋና ጎዳና በዚህች ከተማ በኩል ያልፋል። በገበያ ቀን በጎዳናው ዳር የቆመ ተመልካች የሰው ልጅ ጭነቱን ለማንቀሳቀስ ከፈጠራቸው ዘዴዎች ብዙዎቹን በአንድ ረድፍ ያያል። ማሽላ የጫነ ግመል በዝግታ ይራመዳል፤ አህያ ከሸክሟ በታች ጆሮዋን ጥላ ታዘግማለች፤ ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ በመካከላቸው ይሹለከለካል፤ በቆቦና በግራና ሸለቆ በመስኖ የለማ ሽንኩርት የተከመረበት አይሱዙ ጡሩምባውን እየነፋ ይከንፋል፤ ከኋላው ባለ ተሳቢው ከባድ መኪና መሬቱን እያንቀጠቀጠ ይመጣል።

ይህ ትርኢት ለኢኮኖሚ አጥኚ የንግድ እንቅስቃሴ ምልክት ነው። ለኪነ ጥበብ ሰው ግን ሌላ ጥያቄ ያነሣል። ተረት ነጋሪው፣ ገድል ጸሐፊው፣ ሠዓሊውና የዘመኑ ልብ ወለድ ደራሲ ባለታሪኮቻቸውን የሚያሳፍሩባቸው ድንቅ መጓጓዣዎች፣ ማለትም በሰማይ የሚበርረው ሠረገላ፣ የአሥራ ሦስት ቀን መንገድ በአንድ ቀን የሚያስኬደው ጉዞ፣ ሰው ተሸክሞ ገደል የሚወጣው ዘንዶ፣ ከየት መጡ? ምናብ ከባዶ ፈጠራቸውን? ወይስ እንደ ዋጃ ባለ ጎዳና ላይ ከሚያልፈው ግመል፣ ገመድና መንኰራኵር ተበደራቸው?

የሌላው ዓለም ምስክርነት

ጥያቄው በአገራችን ብቻ የተወሰነ አይደለም። ፈረንሳዊው ደራሲ ዡል ቬርን ካፒቴን ኔሞ የተባለውን ባለታሪኩን በባሕር ውስጥ የሚጓዝ ኖቲለስ በተባለ መርከብ ላይ አሳፈረው። መጽሐፉ ተጠናቅቆ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1870 ነበር። ነገር ግን ኖቲለስ የሚለው ስም ሮበርት ፉልተን እ.ኤ.አ. በ1800 በፈረንሳይ ሠርቶ የሞከረው እውነተኛ የባሕር ሰርጓጅ መርከብ ስም ነው። የፈረንሳይ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1863 ፕሎንዤር የተባለ ሰርጓጅ መርከብ ውኃ ላይ አውርዶ ነበር፤ አምሳያውም እ.ኤ.አ. በ1867 በፓሪስ ኤግዚቢሽን ለሕዝብ በታየ ጊዜ ቬርን ከተመልካቾቹ አንዱ ነበር። ደራሲው የጨመረው ነገር ቢኖር እውነተኛው መርከብ ያልነበረውን ርቀትና ኃይል ነው።

በእኛ ዘመን በዓለም ዙሪያ የተነበበው የእንግሊዛዊቷ ደራሲ የጄ. ኬ. ሮውሊንግ «ሃሪ ፖተር»ም ከዚህ የተለየ አይደለም። ተማሪዎችን ወደ አስማት ትምህርት ቤት የሚወስደው ባቡር በፊልሙ ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1937 በተሠራ «ኦልተን ሆል» በተባለ እውነተኛ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ነው፤ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ሌላ ስም ተለጠፈበት እንጂ ሌላ ፍጡር አልሆነም። በሌሊት የሚበርረው ባለ ሦስት ፎቁ አውቶቡስ የለንደን ከተማ ሠራተኛና ተማሪ በየዕለቱ ይሳፈርበት ከነበረው አሮጌ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ አካላት ተገጣጥሞ ተሠራ። በአየር ላይ የምትንሳፈፈው ፎርድ አንግሊያም የደራሲዋ የወጣትነት ጓደኛ ይነዳት የነበረችው ዓይነት ተራ የቤት መኪና ናት።

ከእነዚህ ምሳሌዎች አንድ ሕግ ይወጣል። የተሳካለት የምናብ መጓጓዣ ዘጠኝ እጁ እውነት፣ አንድ እጁ ብቻ ድንቅ ነው። ባቡሩ ያጨሳል፣ ሰዓት ጠብቆ ይነሣል፣ የተረሳ ተሳፋሪ ጥሎ ይሄዳል፤ የተለወጠው የሚነሣበት መድረክ ብቻ ነው። አንባቢ አንዷን እጅ ድንቅ የሚቀበለው ዘጠኙን እጅ እውነት በየዕለቱ ስለሚያውቀው ነው። ታዲያ ያቺ አንዲት እጅ የትኛዋ ናት? ምናብ ከእውነተኛው መጓጓዣ ላይ ለመለወጥ የሚመርጠው የቱን ክፍል ነው? ለዚህ መልሱን የአገራችን ታሪክ ከሌላው ይልቅ አጥርቶ ያሳያል።

አንድ ገመድ፣ ሁለት ድንቆች

የዋጃን ጎዳና ተከትሎ ወደ ሰሜን የተጓዘ ሰው ትግራይን አቋርጦ ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም ይደርሳል። ገዳሙ ዙሪያው ገደል በሆነ አምባ ላይ የተመሠረተ ሲሆን መውጫው ከአለቱ ላይ የሚወርድ የጠፍር ገመድ ነው። ወጪው ወገቡን በአንደኛው ጠፍር ታስሮ፣ ሁለተኛውን በእጁ ጨብጦ፣ በእግሩ አለቱን እየረገጠ ይወጣል፤ ከላይ ያሉት መነኮሳት ይስባሉ። ይህ በኢትዮጵያ ምድር እስከ ዛሬ ከሚሠራባቸው ጥንታዊ መጓጓዣዎች አንዱ ነው።

ከዚህ አንድ ገመድ ሁለት ታላላቅ ድንቆች ተወልደዋል። በስድስተኛው መቶ ዓመት እንደ ነበሩ የሚነገርላቸው አቡነ አረጋዊ ወደ አምባው የወጡት በዘንዶ ተይዘው እንደ ሆነ ገድላቸው ይተርካል፤ ሠዓሊዎችም በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ዘንዶውን ከአለቱ ላይ እንደ ገመድ ተንጠልጥሎ ይሥሉታል። በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት የተነሡት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ደግሞ ከዚያው አምባ ሲወርዱ ገመዱ ተቈረጠ፤ በዚያች ቅጽበት ስድስት ክንፍ ተሰጣቸውና በርረው በደኅና ዐረፉ።

የሃይማኖቱን ምሥጢር ለሊቃውንቱ ትቶ በኪነ ጥበብ ዐይን ብቻ ለተመለከተው፣ በእነዚህ ሁለት ትረካዎች ውስጥ የተገለጠው የፈጠራ ሥርዓት እጅግ የረቀቀ ነው። በመጀመሪያው ትረካ ገመዱ ገና አልተዘረጋም፤ በሁለተኛው ገመዱ ተበጥሷል። በሁለቱም ላይ ድንቁ የገባው እውነተኛው መጓጓዣ በጎደለበት ቦታ ላይ ነው። ዘንዶው የገመዱን ቅርጽ ይዟል፤ ክንፉም ገመዱ በከዳበት ቅጽበት ተተክቷል። በገመድ ተንጠልጥሎ የማያውቅ ሰው ይህን ትረካ ሊያደንቀው ይችላል፤ ገደሉን ቁልቁል እያየ ጠፍሩን የጨበጠ ሰው ግን በመዳፉ ያውቀዋል። እንግዲህ ለቀደመው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ ምናብ የሚለውጠው የመጓጓዣውን ጉድለት፣ የተጓዡን ሥጋትና ድካም ነው።

ከመሬት አንድ ክንድ

ይኸው ሥርዓት በ«ክብረ ነገሥት»ም ይታያል። በአሥራ አራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በግእዝ የተዘጋጀው ይህ መጽሐፍ ንጉሥ ሰሎሞን ለንግሥት ማክዳ ከሰጣት ስጦታ መካከል በባሕር ላይ የሚሄድ መርከብና በነፋስ የሚሄድ መርከብ እንደ ነበሩ ይናገራል። ነገር ግን ይህ የነፋስ መርከብ ብቻውን አልመጣም። አብረው የተጠቀሱት ግመሎችና ሠረገሎች ናቸው። ታሪኩን የሚያስጀምረውም አምስት መቶ ሃያ ግመሎችና ብዙ መርከቦች የነበሩት ታምሪን የተባለ ነጋዴ ነው። ስለዚህ የነፋሱ መርከብ በሲራራ ንግድ ዓለም ውስጥ፣ በቅፍለቱ ጫፍ ላይ የተጨመረ አንድ ተጨማሪ ተሽከርካሪ ነው ለማለት ይቻላል።

ቀዳማዊ ምኒልክና ተከታዮቹ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ሲመለሱ የተደረገውን ጉዞ መጽሐፉ የሚያቀርብበት መንገድ ደግሞ ይበልጥ አስተማሪ ነው። ሠረገላው፣ ሰዎቹ፣ ፈረሱ፣ በቅሎውና ግመሉ ሁሉ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ አሉ፤ የአሥራ ሦስት ቀን መንገድ በአንድ ቀን ተጠናቀቀ። ጸሐፊው ጉዞውን ወደ ደመና አልሰቀለውም። አንድ ክንድ ብቻ አነሣው። አንድ ክንድ ምን ያህል ነው? የአሸዋው ግለት የእንስሳውን ኮቴ የማይነካበት፣ ድንጋዩ መንኰራኵሩን የማይሰብርበት፣ እሾህ እግርን የማይወጋበት ከፍታ ነው። ይህን ልክ ያወጣው በረሃ የተጓዘ ወይም ከበረሃ ተጓዥ አፍ የሰማ ሰው መሆን አለበት። ከራያ ወደ አፋር ወርዶ የሚመለስ ባለ ግመል ቢጠየቅ ምናልባት ከዚህ የበለጠ አይመኝም ነበር።

ሦስት መጓጓዣዎች በአንድ ዘመቻ

መንኰራኵር በመጽሐፍና በሥዕል የታወቀውን ያህል በደጋው መንገድ ላይ የታወቀ አልነበረም። ገደሉና ሸለቆው የሚታመነው በእግር፣ በበቅሎና በአህያ ብቻ ነበር። መንኰራኵር ከእውነተኛው ተራራ ጋር ከገጠማቸው ታላላቅ ግጥሚያዎች አንዱ የደረሰው በ1860 ዓ.ም. ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት መንደር አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችንና ኢትዮጵያውያንን አሰባስበው ሴባስቶፖል የተባለውን ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ አስቀለጡ። ከዚያም በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው መድፉን በመንኰራኵር ላይ ጭነው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። መንገድ አልነበረም፤ መንገዱ በመድፉ ፊት እየተቈፈረ ተሠራ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ ከሠራተኛው ጋር ዋሉ። በብዙ መቶ የሚቈጠር ሰው በጠፍር እየሳበ የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች አሻገረው። ጉዞው ወደ ስድስት ወር የሚጠጋ ጊዜ ፈጅቶ በመጋቢት ወር መቅደላ ላይ አበቃ።

በዚያው ወራት ከቀይ ባሕር ዳርቻ የተነሣው የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ይገሠግሥ ነበር። እንግሊዞች ከዙላ ወደብ ወደ ተራራው ግርጌ አጭር የባቡር ሐዲድ ዘርግተው ነበር፤ ከህንድ በመርከብ ያመጧቸውን አርባ አራት ዝሆኖችም አሰልፈዋል። የአርምስትሮንግ መድፎችን በጀርባቸው የተሸከሙት ዝሆኖች በአሸንጌ ሐይቅ በኩል፣ ማለትም ከዛሬዋ ዋጃ በላይ በሚታየው ደጋ ላይ አለፉ። ዝሆንን በዱር አውሬነቱ ብቻ የሚያውቀው ሕዝብ ሰው አዝዞት መድፍ ሲሸከም አየ።

በአንድ ዘመቻ ሦስት መጓጓዣዎች ተገናኙ፤ በእንፋሎት የሚሄድ፣ በአውሬ ጀርባ የሚሄድና በሰው ክንድ የሚሳብ። ሁለቱ ከጦሩ ጋር ተመልሰው ሄዱ፤ ሐዲዱም ተነቀለ። ሴባስቶፖል ግን በመቅደላ ቀረ። መድፉ ውጊያውን አልለወጠም፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ። ይሁንና በኪነ ጥበብ ውስጥ የኖረው የትኛው ነው? በፈጣኑ ባቡርና በኃይለኛው ዝሆን ላይ ተረት አልተሠራም። ብርሃኑ ዘርይሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ»ን የጻፉለት፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በመድረክ ያቆመው የዚያ መድፍ ባለቤት ነው። የመድፉም አምሳያ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ሕዝብ በምናቡ የሚያሳድረው እጁ የሳበውን፣ ላቡ የነካውን መጓጓዣ ነው።

«ባቡር» የሚለው ቃል

የምናብ የመጀመሪያ ሥራ ስም ማውጣት ነው። «ባቡር» የሚለው ቃል ከጣሊያንኛው የእንፋሎት ስም በዐረብኛና በቱርክኛ በኩል አልፎ ወደ አማርኛ የገባ ሲሆን መነሻው በእንፋሎት የሚሄደው መርከብ ነበር። በሐዲድ ላይ የሚሄደው ሲመጣ ከባሕሩ ለመለየት «የምድር ባቡር» ተባለ። እህል የሚፈጨውም ሞተር «የወፍጮ ባቡር» ሆነ። ሕዝቡ እሳት በልቶ ጢስ የሚተፋውንና ሳይደክም የሚሠራውን ሁሉ በአንድ ዘር መደበው። ይህ ስሕተት አይደለም፤ መርከቡም፣ ሐዲዱም፣ ወፍጮውም የአንድ እንፋሎት ልጆች መሆናቸውን ያስተዋለ ምደባ ነው።

ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ የፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ ስም «ለገሃር» ሆኖ የሰፈር መጠሪያ ሆነ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው የመንገድ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ በባለቤቱ ስም ተጠራ። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው አውቶሞቢል ወደ ዋና ከተማው ገባ። ከነዚህ ሁሉ አንዱም በዚያ ጊዜ ወደ ራያ አልደረሰም። ራያ የሞተርን ድምፅ በቅርብ የሰማው በጦርነት ነው።

ጎዳናው ሲወለድ

የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አገሪቱን ከወረረ በኋላ ከአሥመራ በደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን ጎዳና ሠራ። ጎዳናው በአምባላጌና በማይጨው አልፎ ከኮረም በግራ ካሕሱ ተራራ ላይ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ወደ አላማጣ ይወርዳል፤ ከዚያ በዋጃና በቆቦ ሜዳ ላይ ይዘረጋል። መንገዱ የተሠራው ለወራሪው ጦር ስንቅና ጥይት ማጓጓዣ ነው። በ1933 ዓ.ም. ግንቦት ወር የኢጣሊያ ጦር ዋና አዛዥ በአምባላጌ እጁን ሲሰጥ ግን መንገዱ እዚያው ቀረ፤ በላዩም የሚሄዱት የጭነት መኪናዎች እንዲሁ።

ከነዚህ ዝነኛው ፊያት 634 ነው። ጣሊያኖች ከቁጥሩ መጨረሻ የወሰዱትን «ሠላሳ አራት» የሚል መጠሪያ ሕዝቡ ሳይተረጉም «ትሬንታ ኳትሮ» ብሎ ተቀበለው። ከመኪናው ጋር ሙሉ የቃላት ጭነት መጣ፤ መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ኮፋኖ፣ ፍሬቻ፣ ፖርቶመጋላ፣ ጎሚስታ። እነዚህ ቃላት ዛሬ ከየት እንደ መጡ የሚጠይቃቸው የለም፤ በዋጃ ጎዳና ዳር ጎማ የሚለጥፈው ወጣት አማርኛ ናቸው ቢባል ይስማማል። ወራሪው ተባረረ፤ መሣሪያውና ቃሉ ግን በሠራተኛው እጅ ገብቶ የሠራተኛው ንብረት ሆነ።

ይሁን እንጂ ጎዳና በራሱ ደግ አይደለም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረኃብ በጸና ጊዜ ገበሬው ቀየውን ጥሎ ወደዚሁ አውራ ጎዳና ወረደ፤ በመንገዱ ዳርና ዳር ቆሞ የሚያልፈውን መኪና በተዘረጋ እጅ ይለምን ነበር። መኪናው እህል ሊያመጣ ይችል ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ግን አቧራ ጥሎ አለፈ። ብርሃኑ ዘርይሁን «ማዕበል» በተሰኙት ተከታታይ ልብ ወለዶቹ ያንን ዘመን ለትውልድ አስቀምጧል። በ«ክብረ ነገሥት» ሠረገላ ሰውን ሁሉ ያለ ልዩነት ከመሬት አነሣ፤ በ1966 ዓ.ም. ጎዳና ላይ ግን ተሳፋሪና እግረኛ በመስኮት መስተዋት ተለያዩ። የዘመናችን የምናብ ጸሐፊ ከዚህ መስተዋት የበለጠ ብርቱ ነገር የት ያገኛል?

ሁለት ሰማዮች

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፖቴዝ 25 የተባለች አውሮፕላን በፈረንሳዊው አብራሪ በአንድሬ ማዬ እየተነዳች አዲስ አበባ ዐረፈች፤ «ንስረ ተፈሪ» ተባለች። የብረት ወፍ የወፍ ስም ተሰጣት። ወራት ሳይቈጠሩ ግን ወፊቱ ሌላ ጠባይ አሳየች። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት የማዕከላዊው መንግሥት አውሮፕላኖች በራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት ላይ ወረቀትና ቦምብ ጣሉ። ልክ በስድስተኛው ዓመት፣ በዚያው ቀን፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦርነት ሆነ። ከማይጨው የተመለሰው የኢትዮጵያ ሠራዊት በአሸንጌ ሐይቅ ዳርቻ ላይ ከአውሮፕላን በሚዘንብ ቦምብና የመርዝ ጢስ ተመታ። ዝሆኖቹ ያለፉበት ያ ሐይቅ ዳር ሰማይ በሰው ላይ የሚዘንብበት ቦታ ሆነ።

በ1977 ዓ.ም. ረኃቡ በከፋ ሁኔታ ሲመለስ ኮረምና አላማጣ የዓለም ሕዝብ የሚያውቃቸው ስሞች ሆኑ። በዚያ ዓመት የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስና የምዕራብ ጀርመን ትራንዛል አውሮፕላኖች መንገድ ለማይደርስባቸው ደጋማ መንደሮች እህል ከአየር ጣሉ። ከመሬት ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ብለው እየበረሩ ተደራርበው የተሰፉ ጆንያዎችን ሲያወርዱ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች የመጣያውን ቦታ እያመለከቱ ይረዱ ነበር። በመርዝ የታወቀው ሰማይ ስንዴ ጣለ። በዚሁ ጊዜ መንግሥት ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብ ሲያሰፍር፣ መኪና ተሳፍሮ የማያውቅ ገበሬ በቀጥታ ወደ አንቶኖቭ አውሮፕላን ሆድ ገባ፤ ሲወጣ የማያውቀው ጫካ ፊቱ ቆመ። ብዙው ተስማምቶ አልሄደም፤ በጉዞውና በሰፈራው ብዙ ሰው ሞተ። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ደግሞ የአየር ኃይል አውሮፕላኖች በትግራይ በሐውዜን ገበያ ላይ ወርደው ገበያተኛውን ፈጁ።

ስለዚህ በዚህ ምድር ያደገ ሰው ስለሚበርር መጓጓዣ ሲያስብ አንድ ዓይነት ስሜት የለውም። ክንፍ ያድናል፤ ክንፍ ይገድላል፤ ክንፍ ይነጥቃል። በባዕድ ተረት ላይ እንደሚታየው የሚበርር መኪና የልጆች መደሰቻ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥራው ቀላል ነበር። ከአሸንጌ በታች የሚጻፍ የምናብ ታሪክ ግን ሰማይ ላይ ድምፅ ሲሰማ ባለታሪኩ ወደ ደጅ ይሮጣል ወይስ ከዛፍ ሥር ይደበቃል የሚለውን አስቀድሞ መወሰን አለበት። በዚያች አንዲት ውሳኔ ውስጥ የአካባቢው ታሪክ ሁሉ ይገኛል።

የሰፊው ሕዝብ ስያሜ

የምናብ ሥራ በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ብቻ አይካሄድም። ረዳቱ፣ ሾፌሩ፣ ወዛደሩና ተሳፋሪው በየዕለቱ ይሠሩታል። የአዲስ አበባ ሕዝብ ተሳፋሪን ፊት ለፊት አስቀምጣ የምታጓጉዘውን የጭነት ታክሲ «ውይይት» አላት። ሚኒባሱ በቅርጹ «ዶልፊን» ተባለ፤ ሌላው «አባዱላ» ሆነ። በጭነት መኪና አካል ላይ የተሠራው አውቶቡስ «ቅጥቅጥ» ነው። በፍጥነቱና በሚያደርሰው አደጋ የተፈራው አይሱዙ «አልቃይዳ»፣ ቀዩ ሲኖትራክ ደግሞ «ቀይ ሽብር» የሚል ስም ወጣለት።

እነዚህ ስሞች ቀልድ ብቻ አይደሉም። ውይይት የሚለው ስም የአንድ ዘመን የስብሰባ ብዛት ትዝታ አለበት፤ ቀይ ሽብር የሚለው የአንድ ትውልድ ደም አለበት። ተሽከርካሪው በስሙ አማካይነት ጠባይ ያለው ፍጡር ሆነ፤ ይናገራል፣ ያስፈራል፣ ይገድላል። ዘንዶውን ከገመድ ያወጣው የጥንቱ ምናብ ዛሬም በመናኸሪያው ግቢ አልሞተም። የጎደለው ይህን ጥሬ ሀብት ሰብስቦ ወደ ሥነ ጽሑፍ የሚያሸጋግረው ነው።

ያላለቀው ሐዲድ

በ2007 ዓ.ም. ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው የባቡር መሥመር ግንባታ ተጀመረ፤ ከሐራ ገበያ ወደ መቀሌ የሚቀጥለውም ታቀደ። ለወሎና ለራያ ሕዝብ፣ ዙላ ላይ ተዘርግቶ ከተነቀለው ሐዲድ ከመቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ፣ የምድር ባቡር በደጁ ሊያልፍ ነበር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የዘለቀው ጦርነት በዚያው ጎዳና ላይ ወጥቶ ወረደ፤ በቆቦ፣ በዋጃና በአላማጣ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ የባቡሩም ግንባታ ተቋረጠ፣ ንብረቱም ተዘረፈ።

ደብረ ዳሞ ላይ ድንቁ የገባው ገመዱ በሌለበትና በተበጠሰበት ቦታ ነበር። በዚህ መለኪያ ከታየ፣ ያላለቀ ሐዲድ ለምናብ ከተጠናቀቀ ሐዲድ ይበልጥ ይጠራል። ሐዲዱ ባለቀ ጊዜ ሰው በትኬት ይሳፈርበታል፤ እስከዚያው ግን ሊሳፈርበት የሚችለው በታሪክ ብቻ ነው። የዋጃ ልጅ በለንደን ጣቢያ የተሰወረ መድረክ እንዳለ ከፊልም ተምሯል። በራሱ ሜዳ ላይ የሚያልፍ ባቡር ምን እንደሚጭን፣ ማንን እንደሚያሳፍር፣ በግራ ካሕሱ ተራራ ላይ ከየትኛው ዘመን ሰው ጋር እንደሚገናኝ የነገረው ግን ገና የለም።

ይህ ሥራ የመምህሩ፣ የሠዓሊውና የደራሲው ነው። የመጀመሪያው እርምጃ ምኞት ሳይሆን ጥናት ነው። ትሬንታ ኳትሮ በግራ ካሕሱ ላይ ሲነዳ የኖረው አዛውንት ሾፌር ፍሬን በከዳው ጊዜ ምን እንዳደረገ፣ ባለ ግመሉ ግመሉ በምን ድምፅ እንደሚነሣና እንደሚንበረከክ፣ በ1977 ዓ.ም. ጆንያ ከሰማይ ሲወርድ ያየች እናት መጀመሪያ ምን እንዳሰበች፣ ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ መመዝገብ አለበት። ዘጠኙ እጅ እውነት ያለው በእነርሱ ዘንድ ነው። እርሱ ከተያዘ አንዷን እጅ ድንቅ መጨመር ለሠለጠነ ብዕር አይከብድም። የ«ክብረ ነገሥት» ጸሐፊ ሠረገላውን ከመሬት ያነሣው አንድ ክንድ ብቻ ነበር፤ ነገር ግን መሬቱን ያውቀው ነበር።